ፀሐይ ሳትጠልቅ አትመለሽ

ከሁለቱ የትኛው ይሆን? ወንድሟ ወንዳለ ነው ወይስ እኅቷ ይርጋለም? አገኘሁሽ ይህ ጥያቄ የመጣባት ሐሙስ ጠዋት፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቫቭ ሰፈር ባለው የልጇ ቤት፣ ያልጠየቀችው ሁለተኛ እንቁላል ሳህኗ ላይ ሲወርድላት ነው። ምራቷ ሮቴም በሌላ ቀን ቢሆን አንድ እጇን ጃኬት ውስጥ ከትታ፣ በሌላው ቁልፍ እየፈለገች «ሻይ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ቻው» ብላ የምትበር ልጅ ናት። ዛሬ ግን ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ «ብይ እንጂ፣ ብይ» እያለች ትከሻዋን ዳበስ አደረገቻት። ልጇ ጋዲ ደግሞ ሳይነጋ በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና ካለው መጋዘን መግባት ሲገባው ፍሪጁን ተደግፎ ቆሟል። እግሩን እያቀያየረ ስልኩን አወጣ፤ በስልኩ ላይ ሁለት የመግቢያ ካርቲስ አሳያት።

«ኢማ፣ ማታና ነው፣ ስጦታ። ለአንች። ኢየሩሳሌም ሄደሽ ሁለት ሙዚየም ታያለሽ። ሁልጊዜ ማየት እፈልጋለሁ ትይ የለ?»

አገኘሁሽ እንዲህ ብላ አታውቅም። ኢየሩሳሌምን ማየት እፈልጋለሁ ያለችው በሰማንያ ሦስት ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ የእስራኤል ኤምባሲ ግቢ ሣር ላይ ተቀምጣ አውሮፕላን ስትጠብቅ ነው፤ ያኔም ያሰበችው ቤተ መቅደሱን እንጂ ካርቲስ የሚቆረጥበትን ቤት አልነበረም።

«ሁለት ሙዚየም ባንድ ቀን?» አለች።

«ቀስ እያልሽ ነዋ! አንዱ ከሌላው ፊት ለፊት ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አትመለሽ፤ ካርቲሱ ውድ ነው፣ ይባክናል።»

«ይኸ ልጅ፣ ለገዛ ጫማው ሼቄል ማውጣት የሚያመው ልጅ፣ ዛሬ ምን ነካው?» አለች ወደ ሮቴም ዞራ። ሮቴም ከልኩ በላይ ሳቀች። ጋዲ በር ድረስ ሸኛት፤ ራቭ ካቭ የአውቶቡስ ካርዷ በቦርሳዋ መኖሩን አየላት፤ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያለው መስሎ «ደግሞ ዛሬ ኢትዮጵያ አትደውይ እሽ? ኔትወርክ የለም ይላሉ» አላት። ሮቴም ከኋላው በተረከዟ እግሩን ስትረግጠው አገኘሁሽ አየች። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ማን ሞተ እንጂ ሰው ሞቷል ወይ አልነበረም።

በዚህ ሕዝብ ዘንድ መርዶ እንዲያው አይነገርም። በስልክ መንገር ነውር ነው፤ ለብቻ መንገር ደግሞ ሰውን ገደል አፋፍ አቁሞ መግፋት ነው። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይመጣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ያን ሁሉ እስኪያሰናዱ ሐዘንተኛው በአንድ ሰበብ ከቤት ይወጣል። ድሮ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነበር፤ እዚህ ግን ሰው ከሥራ የሚወጣው ወደ ማታ ስለሆነ መርዶም ወደ ማታ ዞሯል። ነገ ዓርብ ነው፣ ሰው ለሰንበት ይሯሯጣል፤ ስለዚህ ዛሬ መሆን አለበት። አገኘሁሽ ይህን ሥራ ከውስጥ ታውቀዋለች። የጎረቤቷ የሓቫ እናት ጎንደር ሞታ የነበረ ጊዜ፣ ሓቫን ከቤት የማውጣት ዕጣ የደረሰው ለእሷ ነበር። ባሕሩ ዳር ያለው፣ ሹክ የሚሉት የረቡዕ ገበያ ወስዳት ግማሽ ቀን በርካሽ ሸሚዞች መካከል አንከራተተቻት፤ ያልፈለገችውን ሰማያዊ ሸሚዝ ገዛችላት፤ በቆሎ አበላቻት። የዚያ ሥራ አንድ ሕግ አለው፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ጋዲም ይህን አልረሳም። የአጎቱ ልጅ ሬቪታል አብራት እንድትሄድ ታስቦ ነበር፤ የሬቪታል አለቃ ግን ፈቃድ ከለከላት፤ ስለዚህ ጋዲ «ብቻሽን መሆኑ ይሻልሻል፣ ነፃ ትሆኛለሽ» የሚል ነገር አመጣ። ሕፃን ሆኖም ውሸት አይሆንለትም ነበር፤ ሲዋሽ አንገቱን ያካል። ጠዋት ሲያክ ቆዳው ቀልቷል።

ልትጠይቀው ትችል ነበር። በሩ ላይ ቆማ «ጋዲ፣ የኔ ጌታ፣ ማን ነው?» ብትለው እዚያው ይዘረገፍ ነበር። ግን ፊቱን አየች፤ ሮቴም የቋጠረችላትን ለሦስት ሰው የሚበቃ ምግብ አየች፤ ሌሊቱን ሁለቱ በሹክሹክታ ሲማከሩበት ያደሩትን ነገር በአንድ ጥያቄ ማፍረስ ከበዳት። ነጠላዋን አጣፋች፣ «በሉ ደህና ዋሉ» ብላ ወረደች።

አውቶቡሱ ከአሽዶድ ወጥቶ የወደቡ ክሬኖች ከኋላ ሲቀሩ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተመለከተችው። ጎንደር የቀሩት ሁለት ናቸው። ይርጋለም ታላቋ ናት፤ ክርስቲያን አግብታ ስለነበር ስሟ ከሚሄዱት ጋር አልተጻፈም። ወንዳለ የመጨረሻው ነው፤ አውሮፕላኑ የመጣ ሳምንት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ እኅቱ ቤት ሰንብቶ ነበር፤ እዚያው ቀረ። ሁለቱም ፈቃድ ሲጠብቁ አረጁ፤ ይልቁንም ይርጋለም አረጀች፣ ወንዳለ ጎለመሰና ባጃጅ ነጂ ሆነ። አሁን የአንዳቸውን ስም በጣቷ ብትነካ ታውቃለች። ካልነካች ግን እስከ ማታ ድረስ ሁለቱም አሉ። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከምግቡ ሥር ቀበረችው፤ ከዚያ በኋላ ኮረብታው ሲመጣ፣ ጥዱ ሲመጣ፣ ጆሮዋ በከፍታው ሲደፈን፣ ቦርሳዋን ሳትነካ ተቀመጠች።

ሙዚየሙ በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው ወጣት ምግቡን አንድ በአንድ አወጣው። ሽኒትዜል በዳቦ፣ ሩዝ፣ ዱባ፣ ፖም፣ በፎይል የተጠቀለለ ቡሬካስ። «ሳቭታ፣ ብርጌድ ነው የምትመግቢው?» አላት እንደ አያቱ ቆጥሮ። «ብቻህን የምትጠብቅ ከሆነ አንተንም እጨምራለሁ» አለችና አንድ ቡሬካስ ሰጠችው። ዘወር ብሎ አለቃው አለመኖሩን አይቶ በአንድ ጉርሻ ዋጠው፤ «ኮል ሃካቮድ» ብሎ አደነቃት አፉ እንደሞላ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ማዝጋን የሚሉት የአየር ማቀዝቀዣ የሚሠራው ለሰው ሳይሆን ለድንጋዮቹ ይመስላል። አገኘሁሽ አንዱን አዳራሽ አልፋ ወደ ሌላው ገባች። ማሰሮ አየች፣ የጦር ጫፍ አየች፣ በጣት የምትያዝ የወርቅ ጉትቻ አየችና የማን ጆሮ እንደነበረ አሰበች። የሚያነብላት ሰው አልነበረም፤ የዕብራይስጡ ጽሑፍ ደቃቅ ስለሆነ መነጽሯ አልደረሰበትም፤ ለምን ወደ ቀኝ ሰው እንደሚበዛ ወደ ግራ እንደሚያንስም አልገባትም። ብቻዋን መዞር ግን እንዳሰበችው አልከበዳትም። በሠራችበት ፋብሪካ ሃያ ዓመት ቃሪያና ኪያር ስታሽግ እጇ እንጂ ዓይኗ አይዞርም ነበር፤ ዛሬ ዓይኗ ሥራ አገኘ። ወዲያው ደግሞ እንዲህ ደስ የሚለኝ ምን ሆኜ ነው ብላ ራሷን ተቆጣች።

ከዚያ የሸክላ ሣጥኖቹ ጋ ደረሰች። ሰው የሚቀበርባቸው ናቸው፤ ከሰው ይረዝማሉ፤ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ክዳናቸው ላይ ፊት አለ። ትልልቅ ዓይን፣ ትንንሽ እጅ፣ ከመሳቅና ካለመሳቅ መካከል የቆመ አፍ። አገኘሁሽ እነሱ ፊት ቆማ ቀረች። አንዱ ፊት ሰፊ ነው፣ የረጋ፤ ሌላው ጠበብ ያለ፣ ወጣት የሚመስል። ጥግ ላይ ወንበር ይዞ የተቀመጠው ጠባቂ፣ ጢሙን የተላጨ የሩሲያ ሽማግሌ፣ ተነሥቶ የገዛ ወንበሩን እየጎተተ አመጣላት።

«ተቀመጪ፣ ግቬሬት» አላት ከእሷ በባሰ ዕብራይስጥ። «እነሱ የትም አይሄዱም። ሦስት ሺህ ዓመት ቆመዋል፣ አንዱ እንኳ ደከመኝ አላለም።»

«እነማን እንደሆኑ ይታወቃል?»

«ስም የለም። ሰው ናቸው።» ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔም ስሜን እዚህ የሚያውቅልኝ የለም። አንተ የጥጉ ይሉኛል።»

ሳቀች፤ ተቀመጠችም። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እሷም ሁለቱን ፊት እያየች ሳታስበው መመዘን ጀመረች። ይርጋለም ታማለች፤ ስኳሩ ዓይኗን ይዞታል፤ ልጆቿን ድራለች፤ የልጅ ልጅ አይታለች። ወንዳለ ግን ገና ነው፤ ትንሿ ልጁ ጥርሷን እየቀየረች ነው፤ ባጃጁ የገዛ ራሱ ከሆነች ዓመት አልሞላትም። እንዲህ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ ድንገት «እሷ ትሁን» የሚል ነገር በልቧ አለፈ። ከንፈሯ እንኳ አልተነቃነቀም። ሆኖም ሰፊው ፊት የሰማት መሰላት። ለሠርጓ ሹሩባ የሠራቻት ይርጋለም ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ የተወለደ ጊዜ ሦስት ቀን ጎኗ ተኝታ ውኃ በማንኪያ ያጠጣቻት ይርጋለም ናት። አገኘሁሽ ከወንበሩ ተነሣች፤ ሽማግሌውን አመሰገነች፤ ከአዳራሹ ወደ አትክልቱ ቦታ የወጣችው ሰው እንዳባረራት ነበር።

የወይራ ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ምግቡን ፈታች። ገና አንድ እንደጎረሰች ቦርሳዋ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ምግቡን አተራምሳ አወጣችው። በስልኩ ላይ የይርጋለም ፎቶ ነበር፤ ያቺ አንገቷን ዘመም ያደረገችበት። «ተመስገን!» አለች አገኘሁሽ ጮክ ብላ፤ አጠገቧ የነበሩ ቱሪስቶች ዞሩ። ደስታው አንድ ትንፋሽ ብቻ ቆየ። ሁለተኛውን ትንፋሽ ስትስብ የሞተው ወንዳለ መሆኑን አወቀች።

«አገኙ? የት ነሽ?» አለች ይርጋለም።

«ኢየሩሳሌም ነኝ፣ እታለም። ጋዲ ሙዚየም እይ ብሎ ልኮኝ።»

«ሰምቻለሁ…ማለቴ፣ ደግ አደረገ። ከጎንሽ ሰው አለ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻሽን! እነዚህ ልጆች ምን ዓይነት…» ብላ አቋረጠች። «ቁጭ ብለሻል? ጥላ ነው?»

«ዛፍ ሥር ነኝ። ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

ከይርጋለም ኋላ የብዙ ሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሰው «ዝም በሉ፣ እሷ ናት» አለ፤ በር ተዘጋ። አገኘሁሽ ሁሉ ገባት። እኅቷ የደወለችው ልትነግራት አይደለም። ልጆቹ ብቻዋን እንደሰደዷት ሰምታ፣ የለቅሶ ቤቷን ትታ፣ ከጎንደር ሆና አብራት ልትቀመጥ ነው የደወለችው። መጠየቅ አልፈለገችም ነበር፤ ግን ባትጠይቅ ማወቋ ይታወቅባታል።

«ወንዳለስ?» አለች።

ይርጋለም ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ወጣ ብሏል።»

«ሲመለስ ሰላም በይልኝ።»

«እሽ። እላለሁ።»

ከዚህ በኋላ ሁለቱም ስልኩን መዝጋት አልሆነላቸውም። ይርጋለም «እስኪ ምን ምን አየሽ? እኔ እኮ ሙዚየም የሚሉትን አይቼ አላውቅም» አለች። አገኘሁሽም ነገረቻት፤ የወርቁን ጉትቻ፣ ማዝጋኑን፣ ወንበሩን የሰጣትን ሽማግሌ፣ ቡሬካስ የዋጠውን ፈታሽ። የሸክላ ሣጥኖቹን ዘለለቻቸው። ይርጋለም «ውይ!» «አንች!» «ይገርማል!» እያለች ታዳምጣለች፤ አንዳንዴ «ይገርማል»ው በማይገባ ቦታ ይመጣል፤ አንዳንዴም አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማል። አገኘሁሽ ወሬ ሲያልቅባት ስለ ዛፉ ነገረቻት፤ የዛፉም ሲያልቅ ስለ ሰማዩ። በመጨረሻ ካርድ አለቀ መሰል፣ መስመሩ በራሱ ተቆረጠ፤ ማናቸውም «ቻው» ሳይሉ።

ሁለተኛው ሙዚየም ከመንገዱ ማዶ ነበር። መግባት ባትፈልግም የገባችው ሌላ የምትሄድበት ስለሌላት ነው፤ ደግሞም ካርቲሱ ውድ ነው ብሏል ልጇ። ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ይተራመሳሉ፤ እነሱን ሽሽት መጋረጃ ያለበት ጨለማ ክፍል ገባች። እዚያ ስለ ጥንት መርከቦች የሚናገር ፊልም እያለቀ እንደገና ይጀምራል። ከኋላ ተቀመጠችና አለቀሰች። መርከቡ ሲሰምጥ አለቀሰች፣ ጠላቂዎቹ እንስራውን ሲያወጡት አለቀሰች፣ ፊልሙ ተመልሶ ሲጀምር አለቀሰች። እንዴት እንደሞተ ማታ ይነግሯታል፤ በበሽታ ይሁን በመንገድ፣ ወይም በዚያ ጎንደርን በያዘው ተኩስ። አሁን የምታለቅሰው ለእንዴቱ አልነበረም። ጠዋት በልቧ ሚዛን ላይ አስቀምጣ ያተረፈችው እሱን ስለነበረ ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጥቶ እንባዋን አቆመው፤ ሁሉንም እዚህ ከጨረሰች ማታ ምን ይዛ ትቀርባለች? ሰው ከኪርያት ጋት፣ ከነታንያ፣ ከገዴራ በምሽት መኪና ነድቶ ይመጣል፤ እሷ ደረቅ ዓይን ይዛ ብትጠብቀው ይገርመዋል። በራሷ ላይ ፈገግ አለችና መታጠቢያ ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች።

በመመለሻው አውቶቡስ አጠገቧ የተቀመጠች ወታደር ልጅ፣ ጠመንጃዋን በጉልበቶቿ መካከል ይዛ፣ ኮረብታውን ሳይወርዱ እንቅልፍ ጣላት፤ ራሷም አገኘሁሽ ትከሻ ላይ አረፈ። ልጅቱ እንዳትነቃ ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠች። አውቃለሁ ብትላቸውስ? አውቃ ዝም ማለትስ ማታለል አይደለም? ሐሳቡን ስታገላብጥ የሓቫ ፊት መጣባት፤ ያን ረቡዕ ሰማያዊውን ሸሚዝ ስትሰጣት ሓቫ እጇን ጨብጣ ረጅም ጊዜ ያልለቀቀችው፣ «ዛሬስ በጣም ደከምሽልኝ» ያለቻት። ሓቫም አውቃ ኖሯል። አውቃ በቆሎዋን በላች። ይህ ሲገባት አገኘሁሽ ቀለል አላት፤ ለማታው የሚሆን ግጥም መፈለግ ጀመረች። የሟች እኅት ግጥም ሳይኖራት አትቀርብም። መጀመሪያ የመጣላት ስለ ባጃጅ ነበር፣ አላማራትም፤ ባጃጅ ለሙሾ አይመችም። ከስንት ሙከራ በኋላ ከንፈሯ ላይ እንዲህ የሚል ቀረ፦

አልጋህን ዘርግቼ በሩን በሩን ሳይ፣
ወረቀት የማይሻው አገር ሄድህ ወይ?

ወታደሯ በእንቅልፍ ልቧ «ሳቭታ፣ እያዜምሽ ነው?» አለች። «ተኝ፣ የኔ ልጅ፣ ገና ነን» አለቻት በአማርኛ፤ ልጅቱም የገባት ይመስል ተኛች።

ሮቫ ቫቭ ስትወርድ ገና ብርሃን አለ። ከማዕዘኑ ስትደርስ የሕንፃውን ግቢ አየችና ቆመች። አልጨረሱም። ድንኳኑ በሦስት እግሩ ቆሞ አራተኛው እምቢ ብሏል። አያ ታከለ፣ የባሏ ወንድም፣ ኩታቸውን ለብሰው በከዘራቸው እያመለከቱ «ወዲያ! ወዲያ ነው ያልኩ! እናንተ ልጆች ድንኳን ተክላችሁም አታውቁ?» ይላሉ። ሮቴም ከራሷ የሚበልጥ ድስት በሆዷ ደግፋ ደረጃው ላይ ትወርዳለች። ጋዲ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር እስከ አገጩ ተሸክሞ ከመኪና ወደ ግቢ ይሮጣል፤ ሲደረድር አንዱ ይወድቃል፤ ያነሣል፤ መንገዱን ገልመጥ ያደርጋል፣ እናቱ መጣች አልመጣች። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አሁን ብትገባባቸው ሁሉም በያዘው ድስትና ወንበር መካከል ይደርቃል፤ የደከሙበት ሁሉ ይበላሻል።

አገኘሁሽ ወደ ኋላ ተመልሳ፣ ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ ያለ አጭር ግንብ ላይ ተቀመጠች። ስልኳን አወጣች። ዋትስአፕ ከፍታ የወንዳለን ስም ፈለገች፤ የድምፁን ምልክት ተጭና አፏን አስጠጋች።

«ወንዳለ፣ እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ልጆቹ ወንበር እየደረደሩልህ ነው። ጋዲ ላብ በላብ ሆኗል፤ ብታየው ትስቅበት ነበር። አያ ታከለ ይቆጡታል። ብዙ ሰው ይመጣል መሰለኝ፣ ወንበሩ ብዙ ነው። እኔ እስኪጨርሱ ብዬ ውጭ ቁጭ ብያለሁ። ሲጨርሱ እገባለሁ።» ሌላ የምትለው ነገር ያላት መስሏት ትንሽ ጠበቀች፤ ከሩቅ የወንበር ድምፅ ብቻ ገባ። ጣቷን አነሣች።

መልእክቱ ሄደ። ከጎኑ አንዲት ግራጫ ምልክት ወጣች። መድረሱን የምትናገረው ሁለተኛዋ ያን ዕለትም፣ ከዚያም ወዲህ አልመጣችም።